ከስምንት ወር በኋላ፦ የፎቶ ማደራጃ ሶፍትዌሬ «አስገባ» ሲለኝ ምን ማለቱ ነበር?

ስምንት ወር የተጠቀምኩበትን የፎቶ ማደራጃ ሶፍትዌር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስከፍተው ፎቶዎቼ በሙሉ ደብዝዘው ጠበቁኝ። እያንዳንዳቸው ጥግ ላይ ትንሽ የጥያቄ ምልክት አለ። አንዱን ስጫነው «ዋናው ፋይል አልተገኘም» አለኝ። ማታውን ያደረግኩት ነገር ቢኖር፣ ኮምፒውተሬ ስለሞላ የፎቶ ፎልደሩን ከት አድርጌ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ፔስት ማድረግ ብቻ ነው።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ይሄ ሶፍትዌር ፎቶ አያስቀምጥም። የሚይዘው ካታሎግ ነው፤ ፎቶው የትኛው ዲስክ፣ የትኛው ፎልደር ውስጥ እንዳለ አድራሻውን፣ በላዩም እኔ የሰጠሁትን ስም፣ ኮከብና የቀለም ማስተካከያ። ፎልደሩን እሱ ሳያውቅ ካነሳሁት ሄዶ የሚያንኳኳው ባዶ ቤት ነው። ታዲያ ሶፍትዌሩን የሠራችሁ ሰዎች፣ ፎቶ መጨመሪያው ቁልፍ ላይ ለምን «አስገባ» ብላችሁ ጻፋችሁ? ሰው ዕቃ ወደ ቤት አስገባሁ ካለ ዕቃው ቤት ውስጥ ነው። «መዝግብ» ብትሉት ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ደንግጬ የባሰ ስህተት ሠራሁ። የደበዘዙትን በሙሉ መርጬ ከካታሎጉ አወጣኋቸውና ከሃርድ ዲስኩ እንደ አዲስ አስገባኋቸው። ፎቶዎቹ መጡ፤ ስሞቹ አልመጡም። ለሶፍትዌሩ እነዚህ አይቷቸው የማያውቅ ፎቶዎች ናቸው፤ ስሞቹ የተጻፉት በሰረዝኩት መዝገብ ላይ ነበር።

ስሞቹ ለኔ ቀላል ነገር አልነበሩም። የቤተሰባችንን የድሮ ፎቶዎች ስካን አድርጌ፣ አባባን አጠገቤ አስቀምጬ፣ ማታ ማታ አንድ በአንድ የጻፍኳቸው ናቸው። «ይሄ ማነው አባባ?» ስለው «እስቲ አጉላልኝ» ይላል። አንዱን ሰው ፊቱን ሳይሆን ኮቱን አይቶ ነው የለየው፤ «ይቺን ኮት እየተዋዋስን ነበር የምንለብሳት» አለኝ። እሷንም ከፎቶው ሥር ጽፌያት ነበር።

ሻጮቹ «መመሪያው ላይ አለ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አለ፤ አንብቤዋለሁ፣ ነገሩ ካለፈ በኋላ። ሴቲንግ ውስጥ ስሞቹ ፋይሉ ላይ ጭምር እንዲጻፉ የሚያዝ ሳጥን አለ። ይሄ ስምና መግለጫን ከፎቶው ጋር አብሮ የማስቀመጥ አሠራር ኤክስኤምፒ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ያለ፣ በ2012 የአይኤስኦ (የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት) ደረጃ የወጣለት ነው። ፎቶው ጄፔግ፣ ማለትም የተለመደው የፎቶ ፋይል ከሆነ ጽሑፉ ፎቶው ፋይል ውስጥ ይገባል፤ ሮው፣ ማለትም ካሜራው ያልተቀናበረ ጥሬ ፋይል ከሆነ አጠገቡ በዚያው ስም ትንሽ ፋይል ይቀመጣል፤ ሌላ ፕሮግራምም ሊያነበው ይችላል። ይሄን ያህል የሚጠቅም ነገር ለምን ተዘግቶ መጣ? ገና ስጭነው የገጹን ቀለም እንድመርጥ የጠየቀኝ ፕሮግራም ይሄን አንድ ጥያቄ ቢጨምር ምን ነበረበት?

የታደገኝ፣ ስዘጋው እየጠየቀ የሚያስቀምጠው የካታሎግ ባክአፕ ነው። ልብ በሉ፣ ባክአፑ ውስጥም ፎቶ የለም፤ ፎቶውን ለብቻው ኮፒ ማድረግ የናንተ ሥራ ነው። የ9 ቀን ዕድሜ የነበረውን መለስኩ፣ የጠፋው ፎልደር ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጌ አዲሱን ቦታ አሳየሁት፣ የጥያቄ ምልክቶቹ ወዲያው ለቀቁ። ከመጀመሪያው ማድረግ የነበረብኝ ይህችን ብቻ ነበር። የ9 ቀኑ ሥራ ግን ቀረ፤ የኮቷም ነገር እዚያ ውስጥ ነበረች።

ፍለጋው ፈጣን ነው፣ የቀለም ማስተካከያውም አላስቸገረኝም። ግን የሰው ልፋት የት እንደሚያስቀምጥ በግልጽ ያልነገረኝን ሶፍትዌር ለማንም ግዛ አልልም። የዓመቱ ፈቃድ ሊያልቅ አራት ወር ይቀረዋል። እስከዚያ ሳጥኑን ቲክ አድርጌ ስሞቹን በሙሉ ወደ ፋይሎቹ አስጽፋለሁ፤ ከዚያ አላድሰውም።