«አልሸጥልሽም» ላሉኝ መጽሐፍ ሻጭ

የማመሰግናቸው ሰው «ስሜን እንዳትጽፊ» ብለው አስምለውኛል። ስለዚህ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ ከሁለት ሰው በላይ በማታስገባ ክፍል ውስጥ ያገለገሉ መጻሕፍት ይሸጣሉ። ቦታውን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ።

ሰፈራችን ውስጥ ስምንት ሆነን መጽሐፍ ቅዱስ እናጠናለን። አስጠኚዋ እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት የጥንቱን ዘመን ባህልና ኑሮ የሚያብራራ የጥናት መጽሐፍ ቅዱስ ፍለጋ ወጣሁ። መጀመሪያ አንድ ትልቅ ሱቅ ገባሁና ሻጩ «ምርጡ ይሄ ነው» ያለኝን ወፍራም መጽሐፍ ተሸክሜ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ስገልጠው የግርጌ ማስታወሻው ሁሉ «ይህን ቃል በሕይወትህ እንዴት ትኖረዋለህ?» ነው። መጽሐፉ መጥፎ ሆኖ አይደለም። እኔ ማወቅ የፈለግኩት ግን ሩት ምዕራፍ 4 ላይ ሰውየው ጫማውን ለምን እንዳወለቀ ነበር።

ከዚያ ነው ጓደኛዬ ጋሼ ጋ የወሰደችኝ። መደርደሪያው ላይ ትልቁን አየሁና «ይሄ ስንት ነው?» አልኳቸው። ዋጋ አልጠሩም። «ምን ልታደርጊበት ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «እንግዲያው አልሸጥልሽም፤ ይሄ የትምህርተ ሃይማኖት ማብራሪያ ይበዛዋል፤ ተቀመጪ» አሉና ዱካ ሳቡልኝ።

ምክራቸው ቀላል ነበር። በደንብ የማውቀውን ክፍል አውጥቼ እዚያው እንዳነብ። «የማታውቂውን ካወጣሽ ሁሉም መጽሐፍ አዋቂ ይመስልሻል» አሉኝ።

እኔም በራስ መተማመን ማቴዎስ 19፥24ን አወጣሁ። ግመል በመርፌ ቀዳዳ። ይህንን እኔ ለሦስት ዓመት አስተምሬዋለሁ! ኢየሩሳሌም ውስጥ «የመርፌ ቀዳዳ» የምትባል ጠባብ በር ነበረች፣ ግመል ጭነቱን አራግፎ፣ ተንበርክኮ ይገባባት ነበር እያልኩ። ጋሼ የሰጡኝ መጽሐፍ ይህን አፈረሰው። በመጀመሪያው መቶ ዓመት እንዲህ ያለ በር ስለመኖሩ ማስረጃ የለም። አባባሉ የማይሆንን ነገር በግነት ለመናገር ነው። የአይሁድ መምህራን ትምህርት የተሰበሰበበት የባቢሎን ታልሙድ ውስጥም ዝሆን በመርፌ ቀዳዳ ስለማለፉ የሚናገር ተመሳሳይ አባባል አለ። እዚያው ዱካው ላይ ላብ አጠመቀኝ። ጋሼ ሳቁ። «በሩን የሚነግርሽ መጽሐፍ ካገኘሽ መልሰሽ አስቀምጪው» አሉኝ።

ሁለተኛው ፈተና የሳቸው ነበር። ዘፍጥረት ላይ አብርሃም ሣራን «እህቴ ናት» ያለበትን ክፍል አስወጡኝ። ኢራቅ ውስጥ ኪርኩክ አጠገብ ኑዚ የሚባል ጥንታዊ ከተማ ተቆፍሮ ብዙ የሸክላ ጽላቶች ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ስፓይዘር የተባለ ምሁር እነዚህን ጽላቶች ይዞ፣ በዚያ ዘመን ባል ሚስቱን በሕግ እህቱ አድርጎ ክብሯን ከፍ ያደርግ ነበር ብሎ ጻፈ። ሐሳቡ እንደ ጉድ ተሰራጨ። በኋላ ጽላቶቹን መልሰው ያነበቡ ሰዎች እንደዚያ እንደማይሉ አሳዩ። የድሮ ማብራሪያዎች ግን አሁንም ያንኑ ይላሉ። ጋሼ መጽሐፍ ሲያነሱ መጀመሪያ የኅትመት ዓመቱን የሚያዩት ለዚህ ነው። «አሮጌ መጽሐፍ እየሸጥኩ አሮጌ አትግዢ ማለቴ ነው፤ ምን ይደረግ» ብለው ራሳቸው ሳቁ።

በመጨረሻ የሰጡኝ በእንግሊዝኛ «ከልቸራል ባክግራውንድስ ስተዲ ባይብል» የሚባለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ነው። ብሉይ ኪዳኑን ጆን ዋልተን፣ ሐዲስ ኪዳኑን ክሬግ ኪነር ናቸው የሠሩት። ከጎኑ የኪነር የሐዲስ ኪዳን የባህል ዳራ ማብራሪያ፣ የ2014ቱ ሁለተኛ እትም፣ ተደርድሮ ነበር። ሁለቱንም ልውሰድ አልኩ። አሁንም እምቢ። «ሰውየው አንድ ነው፤ በአንዱ ጀምሪና ካልበቃሽ ትመለሻለሽ።» የጥናት መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ማስታወሻው ከገጹ ግርጌ ስለሆነ ያጥራል። ማብራሪያው ደግሞ ጥቅሱን ራሱን አያትምም፤ ጎን ለጎን መጽሐፍ ቅዱስ መግለጥ ይፈልጋል። ለጀማሪ የመጀመሪያው ይሻላል ባይ ናቸው። አሁን እኔም እስማማለሁ። ሌላ ነጋዴ ቢሆን ሁለቱንም ጠቅልሎ ይሰጠኝ ነበር።

ለኦርቶዶክስ ወገኖቼ ጋሼ ሁልጊዜ የሚሉትን ልንገራችሁ። እነዚህ የእንግሊዝኛ የጥናት መጽሐፍ ቅዱሶች አብዛኞቹ 66 መጻሕፍት ብቻ ናቸው። ሄኖክና ኩፋሌ የሉባቸውም። የሚገርመው ግን ማስታወሻዎቹ የክርስቶስን ዘመን ለማብራራት ሄኖክን ደጋግመው ይጠቅሳሉ። እሱ ደግሞ ሙሉው የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። ጋሼ በልጅነታቸው ጎጃም የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ይቀየራል። «እኛ አንድምታውም ውስጥ ታሪክ የሚባል አለን» ይላሉ። አንድምታ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት ትርጓሜ ነው። እኔ የፕሮቴስታንት ልጅ ነኝ፤ አንድምታ ገልጬ አላውቅም ነበር። አሁን አንድ ቅጽ ቤቴ አለ። ለጊዜው እየታገልኩት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ጨምሬ ላብቃ። ገና ሲደርስ ሉቃስ 2፥7ን አጠናን። በግርግም የተኛው በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ ስላልነበራቸው ነው ይላል። ሁላችንም ሆቴል ሞልቶባቸው ከበረት ያደሩ አድርገን ነበር የምናስበው። የጥናት ማስታወሻዬ ግን ሌላ አለ። ሉቃስ እዚህ የጻፈው የግሪክ ቃል ካታሊማ ነው። ምዕራፍ 22 ላይ ጌታ ፋሲካን ለበላበት የእንግዳ ክፍልም ይኸው ቃል ነው የገባው። ደጉ ሳምራዊ ቁስለኛውን የወሰደበትን ማደሪያ ሲጽፍ ግን ቃሉ ሌላ ነው። በነባሩ የአማርኛ ትርጉም ግን ምዕራፍ 2ም ምዕራፍ 10ም «የእንግዶች ማደሪያ» ስለሚል ልዩነቱ አይታይም። እንግዲህ የሞላው የዘመድ ቤት የእንግዳ ክፍል ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በዚያ ዘመን የገጠር ቤት ደግሞ ከብቱ ሌሊት ከሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ያድር ነበር። ግርግሙም እዚያው ነው።

ይህን ሳነብ ከቡድናችን ትልቋ እትዬ ከት ብለው ሳቁ። መንዝ ተወልደው ያደጉ ናቸው። «ታዲያ ሌላ የት ይደር? እኛ ከጥጃው ጋር አይደል ያደግነው?» አሉ። ያን ሁሉ ገጽ ያነበብኩት እሳቸው የሚያውቁትን ለማወቅ ኖሯል።

ጋሼ ከሰዓት በኋላ ነው የሚከፍቱት። ስትሄዱ ምን እያጠናችሁ እንደሆነ መጀመሪያ ንገሯቸው፤ ዋጋ ቀድማችሁ ብትጠይቁ ይኮሳተራሉ። እኔ የዛሬ ወር ኪነርን «አንብበሽ መልሺ» ብለው ያለ ገንዘብ ሰጥተውኛል። ገና ዮሐንስ ላይ ነኝ። ጋሼ፣ ይህን ጽሁፍ ልጅዎ ካነበበልዎ፣ ቅዳሜ አመጣዋለሁ።