ኤክስ አር 18 ለመድረክ ሞኒተር፦ ከባህል ባንድ ጋር ለሚሠራ ሰው

ቤሪንገር ኤክስ አር 18 የተባለውን ዲጂታል ሚክሰር (የድምፅ ማደባለቂያ) ብዙ ሰው የሚገዛው ለአዳራሹ ድምፅ ብሎ ነው። እኔ የምወደው ለሞኒተር፣ ማለትም መድረክ ላይ ያለው ሰው ራሱን ለሚሰማበት ስፒከር ነው። ዘፋኝ ራሱን ካልሰማ ከቅኝት ይወጣል፣ አለቅጥ ይጮሃል፣ ሌሊቱ ሳይጋመስ ድምፁ ይዘጋል። ከባህል ባንድ ጋር ስትሠሩ ደግሞ ይብሳል። ክራሩ፣ ዋሽንቱ፣ ማሲንቆውና ከበሮው አንድ ጠባብ መድረክ ላይ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ ማይኩ ሁሉ ክፍት ነው።

ሚክሰሩ ትንሽ ሳጥን ነው፤ የሚታዘዘው በስልክ፣ በታብሌት ወይም በላፕቶፕ ነው። 16 የማይክ መግቢያና ለሞኒተር የሚሆኑ 6 መውጫዎች አሉት። ትልቁ ነገር እያንዳንዱ መውጫ የራሱ ኢኳላይዘር (ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ለየብቻ መቀነሻና መጨመሪያ) እና የራሱ ኮምፕረሰር (ከፍ ያለውን ድምፅ የሚጨቁን) ያለው መሆኑ ነው። ኢኳላይዘሩን 6 ባንድ (የድምፅ ክልል) ፓራሜትሪክ ወይም 31 ባንድ ግራፊክ ማድረግ ይቻላል፤ ግራፊኩን ብትመርጡም ከ4ቱ የኢፌክት ቦታዎች አንዱንም አይወስድባችሁም። በፊት ለዚህ ሥራ ብቻ የኢኳላይዘር ራክ ተሸክሞ መዞር ነበር።

ወደ ሞኒተር የሚሄደው ድምፅ ከፌደር (ድምፁን ለአዳራሹ ከፍና ዝቅ ከሚያደርገው ተንሸራታች) በፊት እንዲነሳ አድርጉ። አለዚያ ዘፋኙን ለአዳራሹ ዝቅ ባደረጋችሁት ቁጥር በሞኒተሩም ዝቅ ይልበታል። ኮምፕረሰር ላይ ጠንቀቅ በሉ። ኮምፕረሰሩ ድምፁን ጨቁኖ በጌይን መልሶ የሚያነሳው ከሆነ፣ ዘፋኙ ዝም ሲል ማይኩ ከፍ እንዳለ ይቀራል። ሞኒተሩ የሚጮኸው ልክ በዚያች ዝምታ ነው። ለሞኒተር የሚሄድ የማይክ ድምፅ ላይ እኔ ኮምፕረሰር በጣም አሳንሼ ነው የምጠቀመው፤ ብዙ ጊዜ ጭራሽ አልጠቀምም።

ኢኳላይዘሩን ከመንካታችሁ በፊት ግን ሞኒተሩ የት እንደተቀመጠ እዩ። ሹር ኤስኤም 58 የተባለው ማይክ ከጀርባው የሚመጣ ድምፅ ብዙም አይሰማም፣ ስለዚህ ሞኒተሩ ከማይኩ ቀጥታ ኋላ ይቀመጣል። ቤታ 58ኤ ከሆነ ግን ሞኒተሩን ወደ ጎን ፈቀቅ አድርጉት፤ እሱ የማይሰማው ከፊቱ 120 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህ ካልተስተካከለ የትኛውም ሚክሰር አያድናችሁም።

ከዚያ ፊድባክ (ማይኩ የሞኒተሩን ድምፅ መልሶ ሲወስድ የሚነሳውን ጩኸት) ማደን ነው። የዘፋኙን ማይክ ሎው ከት (ወፍራሙን ድምፅ የሚቆርጠውን) ከ100 ኸርዝ ከፍ አድርጉና ወደ ሞኒተሩ የሚሄደውን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ኢኳላይዘሩ መስኮት ላይ 100 ባንድ አርቲኤ (የትኛው ድምፅ ከፍ እንዳለ ወዲያው የሚያሳይ ግራፍ) አለ። መጮህ የጀመረችው ድምፅ እንደ ሚስማር ቀጥ ብላ ትወጣለች። እዚያች ላይ ጠበብ አድርጋችሁ 3 ዴሲቤል ቀንሱ፣ ካልበቃ 6። ሦስት አራት ቦታ ከቆረጣችሁ በኋላ ይብቃችሁ። ከዚያ በላይ ስትቆርጡ የምታነሱት ጩኸቱን ብቻ አይደለም፣ የሰውየውን ድምፅ ራሱን ነው። እሱም አልሰማ ስለሚለው “ጨምርልኝ” ይላል፤ ጩኸቱ ተመልሶ ይመጣል። ፊድባክን ራሱ ፈልጎ የሚቆርጥ መሣሪያ የሚወዱ አሉ። ለዋሽንት አልመክረውም፤ ረዘም ያለ ኖታ ሲመጣ ፊድባክ ነው ብሎ ሊቆርጠው ይችላል።

ማሲንቆ ለብቻው ነው የሚታየው። ቆዳው ሞኒተሩ የሚያወጣውን ድምፅ ተቀብሎ ይርገበገባል፣ ትንሿ ማይክ ደግሞ ያንኑ መልሳ ትወስዳለች። ስለዚህ በማሲንቆ ተጫዋቹ ሞኒተር ውስጥ ከበሮ አላስገባም። ከበሮው አጠገቡ ነው፣ እንዲሁም ይሰማዋል። አንድ አንጋፋ ማሲንቆ ተጫዋች ሳውንድ ቼክ ላይ “ልጄ፣ ራሴን አልሰማሁም፣ ጨምርልኝ” ሲሉኝ “እሺ ጋሼ” አልኩና ክራሩን ከሳቸው ሞኒተር ላይ 4 ዴሲቤል ዝቅ አደረግኩት። ደጋኑን ሁለቴ ጎተት አድርገው “በቃ፣ አሁን ተገኘሁ” አሉ። ማሲንቆውን አልነካሁትም ነበር። በየሞኒተሩ ለየብቻ እንዲህ ማስተካከል መቻሉ ነው ሚክሰሩን ያስወደደኝ።

በየመውጫው ያለውን ኮምፕረሰር ግን ሬሾውን (የመጨቆን መጠኑን) 100 አድርጋችሁ እንደ ሊሚተር፣ ማለትም ድምፅ ከገደቡ እንዳያልፍ ብቻ ተጠቀሙበት። ማይክ ሲወድቅ ስፒከሩን ያተርፍላችኋል።

ደካማ ጎኑ ዋይፋዩ ነው። ውስጡ ያለው 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ሲሆን በቀጥታ የሚቀበለው 4 ስልክ ወይም ታብሌት ነው። ስልክ በያዘ ሰው በተሞላ አዳራሽ በሱ ላይ አልተማመንም። በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ሮውተር በኬብል አገናኙለት፣ ከተቻለ ላፕቶፕም በኬብል ይኑር፤ ሳጥኑ ላይ በእጅ የሚነካ ፌደር የለምና። መብራት ብልጭ ቢል ሚክሰሩም ሮውተሩም እስኪነሱ ባንዱ ቆሞ ይጠብቃል፣ ስለዚህ ሁለቱን ዩፒኤስ ላይ ሰኩ። የዩፒኤሱን ወጪ ከሚክሰሩ ዋጋ ጋር አብራችሁ አስቡት።

አምስት ስድስት ሆኖ መሬት ላይ በሚቀመጥ ሞኒተር ለሚጫወት ባንድ ዓይኔን ሳላሽ እመክረዋለሁ። ሁሉም በጆሮ የሚደረግ ስቴሪዮ ሞኒተር ከፈለገ ግን 6ቱ መውጫ ወደ 3 ይወርዳል። ያኔ 16 ሚክስ ባስ (ድምፅ ለየብቻ የሚደባለቅበት መስመር) ያለውን ኤክስ 32 ሚክሰር ተመልከቱ።