ለሩት ካናል (ለጥርስ ሥር ውስጥ ቦይ) ማጠቢያ የቱን ልግዛ? በረኪናው፣ ኢዲቲኤው ወይስ ክሎርሄክሲዲኑ?

እዚሁ ባሕር ዳር የጥርስ ክሊኒክ ሊከፍት ያለ ጓደኛዬ የዕቃ ዝርዝሩን ላከልኝ። ማጠቢያ በሚለው ቦታ «ሃይፖክሎራይት 5.25 በመቶ፣ 5 ሊትር» ይላል፤ በረኪናው ማለት ነው። ሌላ ነገር የለም። ደወልኩለት።

«ይሄን ሁሉ በረኪና ምን ልታደርገው ነው?»

«ጠንካራው ይሻላል ብዬ ነዋ። በዚያ ላይ በብዛት ሲገዛ ይረክሳል።»

ጠንካራው ለባክቴሪያውም ለጥርሱም ጠንካራ ነው። ዴንቲን፣ ከውጪው ጠንካራ ሽፋን ሥር ያለው የጥርሱ አካል፣ እንደ ጭቃ ቤት ግድግዳ ነው። በክብደቱ 70 በመቶ ያህሉ ማዕድን ነው፤ ይሄ ጭቃው ነው። 20 በመቶ ያህሉ ደግሞ በአብዛኛው ኮላጅን የሚባል የፕሮቲን ክር ነው፤ ይሄ ጭዱ ነው። የቀረው ውሃ ነው። ጭድ የሌለው ጭቃ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

ሃይፖክሎራይት ጭዱን ይበላል። የሞተ ነርቭ የሚያሟሟልን ከሦስቱ እሱ ብቻ ስለሆነ ያለ እሱ መሥራት አይታሰብም። ግን በመቶኛው ከፍ ባለና በቆየ ቁጥር ኮላጅኑ ያልቃል፤ ጥርሱም ጫና ሲያርፍበት ቶሎ ይሰበራል። እኔ 2.5 በመቶውን ቶሎ ቶሎ እያደስኩ እጠቀማለሁ። ጉልበት ካነሰው ስሪንጁን ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆየዋለሁ። 45 ዲግሪ የሞቀ 1 በመቶ፣ ነርቭ በማሟሟት 20 ዲግሪ ላይ ካለ 5.25 በመቶ ጋር እኩል ሆኖ ተገኝቷል።

ትልቅ ጀሪካን አትግዙ። ሃይፖክሎራይት ሙቀትና ብርሃን ጠላቶቹ ናቸው። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት ጀሪካን አውቶብስ ላይ ተጭኖ አባይ በረሃን አቋርጦ ደረሰ። ስከፍተው ሽታው እንኳ ደክሟል። ከጥርስ ያወጣሁትን የነርቭ ቁራጭ ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ ጣልኩበት። ትኩስ ቢሆን አረፋ እያወጣ ይሟሟ ነበር። ይሄኛው ነርቩን እንዳለ አስቀመጠው። ሻጩ «ከእኛ ሲወጣ ደህና ነበር» ብሎ አሰናበተኝ። ከዚያ ወዲህ ቀኑን የማነበው ትንሽ ጥቁር ጠርሙስ ነው የምገዛው። የሱቁ በረኪናም መሠረቱ ይሄው ኬሚካል ነው፤ ግን መጠኑን በእርግጠኝነት ስለማላውቅ ሰው አፍ ውስጥ አላስገባውም።

ኢዲቲኤ ሥራው ጭቃው ላይ ነው፤ ካልሲየሙን ይዞ ይወጣል። ፋይሉ (ካናሉን የምንፍቅበት ቀጭን መሣሪያ) ግድግዳ ላይ ለጥፎት የሚሄደውን ስስ ሽፋን ጠርጎ ቀዳዳዎቹን ይከፍታል። 17 በመቶ ፈሳሹን ግዙ፤ መጨረሻ ላይ አንድ ደቂቃ ያህል በቂ ነው። አስር ደቂቃ ከተዋችሁት ግድግዳውን ራሱን መቦርቦር ይጀምራል። ጄሉ ፋይል ለማንሸራተት ጥሩ ነው፤ ለመጨረሻው እጥበት ግን ፈሳሹን አይተካም። ቅደም ተከተሉንም ልብ በሉ። ከኢዲቲኤ በኋላ እንደገና ሃይፖክሎራይት ብታስገቡ፣ ጭቃው ተነስቶ የተጋለጠውን ጭድ ነው የሚበላው። ሁለቱን ካናል ውስጥ ብታደባልቁ ደግሞ ኢዲቲኤው ክሎሪኑን ያከሽፈዋል።

ክሎርሄክሲዲን 2 በመቶ ጭዱንም ጭቃውንም ብዙ አይነካም። ዴንቲን ላይ ተጣብቆ ስለሚቆይ ባክቴሪያ መከላከሉ ይቀጥላል። ግን ነርቭ አያሟሟም፤ ስለዚህ ብቻውን አይበቃም። ከሃይፖክሎራይት ጋር ሲገናኝ ደግሞ ቡናማ ዝቃጭ ይሠራል፤ ጥርስ ያቀልማል፣ ቀዳዳ ይደፍናል። በመሃል በሳላይን (በጨው ውሃ) እጠቡና በወረቀት ፖይንት (ካናል ውስጥ በሚገባ ቀጭን የወረቀት እንጨት) አድርቁ። ዋና ጥቅሙን የማየው ፖስት (ሥሩ ውስጥ የሚተከል ደጋፊ ዘንግ) በሬዚን ማጣበቂያ ሲለጠፍ ነው። ሃይፖክሎራይት መጨረሻ ላይ ከሆነ ሬዚኑ በደንብ አይዝም፤ ክሎርሄክሲዲን ግን ኮላጅኑን የሚበሉትን ኢንዛይሞች ያግዳል።

ብር ካጠረ ሃይፖክሎራይትና ኢዲቲኤ ይቅደሙ፣ ክሎርሄክሲዲኑ ይቆይ። የተረፈው ጎኑ ክፍት ለሆነው ቀጭን መርፌ ይሁን። ሃይፖክሎራይት ከሥሩ ጫፍ አልፎ ፊቱ ያበጠ ታካሚ ያየ ሰው በመርፌ አይቆጥብም።

ጓደኛዬ ዝርዝሩን አስተካክሎ መልሶ ላከልኝ። ትንንሾቹ ጠርሙሶች ገብተዋል፣ ኢዲቲኤው አለ፣ መርፌውም አለ። 5 ሊትሩ ግን አልወጣም።

«እሱስ?» አልኩት።

«እሱ ለወለሉ ነው።»