የተቆረጠ የገና ጥድ ሳይደርቅ እስከ ጥምቀት፦ የአራት ኪሎ አካባቢ አንድ የችግኝ መሸጫ

የገና ዛፍ ሻጭን የምመዝነው ዛፉ በከተራ ዕለት ምን እንደሚመስል አይቼ ነው። በተገዛበት ቀንማ ሁሉም ጥድ ለምለም ነው፣ የሁሉም መዓዛ ቤቱን ያውዳል። የሻጩ ሥራ የሚታወቀው ዛፉ ቤት ገብቶ ሳምንት ሲሞላው ነው። የፈረንጆቹን ገና ታኅሣሥ 16 ቀን ከዘመዶቻቸው ጋር የሚያከብሩ ቤተሰቦች ዛፉን ቀደም ብለው ያቆማሉ፤ የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 ቀን ይውላል፤ ከዚያ እስከ ጥምቀት ደግሞ 12 ቀናት አሉ። ስለዚህ ቀድሞ የቆመ ዛፍ ከ3 ሳምንት በላይ ቤት ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ መቆየት ይጠበቅበታል። ዘንድሮ የእኛን ቤት ዛፍ የገዛሁት ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ከሚወስደው ዋና መንገድ ገባ ብሎ ከሚገኝ የችግኝና የአበባ መሸጫ ነው። ዛፉን፣ አብሮ የሚሸጠውን የብረት ማቆሚያና ቤት ድረስ የማድረስ አገልግሎቱን አንድ በአንድ ለመመዘን ሞክሬአለሁ። የዛፉ አያያዝ እጅግ የሚያስመሰግን ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ማቆሚያውን ግን እንዳለ ለመቀበል ይከብደኛል።

በቅድሚያ ስለ ዛፉ ዓይነት ጥቂት መባል አለበት፤ አያያዙ በዓይነቱ ይወሰናልና። በአዲስ አበባ በገና ሰሞን ተቆርጦ የሚሸጠው በአብዛኛው የፈረንጅ ጥድ ነው። መገኛው ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ሲሆን፣ ቶሎ የሚያድግ በመሆኑ በአገራችን ደጋማ አካባቢዎች ለአጥርም ለጣውላም ተተክሎ ይታያል። ስለ ገና ዛፍ አያያዝ በየቦታው የምናነበው ምክር ግን የተጻፈው በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ለሚቆረጡት መርፌ መሰል ቅጠል ላላቸው ዛፎች ነው። እነዚያ ሲደርቁ ቅጠላቸው ወለሉ ላይ ስለሚረግፍ ባለቤቱ ወዲያው ይነቃል። የፈረንጅ ጥድ ቅጠል ደግሞ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተነባብሮ ቅርንጫፉን የለበሰ ስለሆነ ሲደርቅ ቶሎ አይረግፍም። መጀመሪያ ወዙ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ቀለሙ ወደ አመድማ ይለወጣል፣ ከዚያ ሲነኩት መንኮሻኮሽ ይጀምራል፤ ጫፍ ጫፉ እየተሰበረ መውደቁ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ደኅና የሚመስል ጥድ በእርግጥ ደርቆ ሊሆን ስለሚችል፣ ይህን ዛፍ በዓይን ብቻ ማመን አይገባም፤ በየዕለቱ በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል።

መሸጫው የሐበሻ ጥድ ቆርጦ አይሸጥም። አንድ ደንበኛ «የአገራችን ጥድ የለም ወይ?» ብለው ሲጠይቁ የመሸጫው ባለቤት «እናቴ፣ እሱን በችግኝ ብቻ ነው የምንሰጠው፤ ወስደው ግቢዎ ይትከሉት» ሲሉ ሰምቻለሁ። የሐበሻ ጥድ እድገቱ አዝጋሚ ነው፤ እንጨቱን ምስጥ ስለማይደፍረውም ለዘመናት ለቤትና ለአጥር ሲቆረጥ ኖሯል። ዛሬ ያረጁ ዛፎቹን የምናየው በአብያተ ክርስቲያናት ግቢ ተጠብቀው ነው። ለጥቂት ሳምንት ጌጥ ሲባል እንዲህ ያለውን ዛፍ አለመቁረጥ ትክክል ነው እላለሁ፤ ደንበኛ እያጣም ቢሆን በዚህ አቋሙ የጸና ነጋዴ ሊከበር ይገባዋል።

መሸጫውን ከሌሎች የለየው ግን ዛፎቹን ከመሸጡ በፊት የሚይዝበት መንገድ ነው። በገና ሰሞን በየመንገዱ ዳር ጥዶች ግድግዳ ተደግፈው፣ እግራቸው ደረቅ አስፋልት ላይ ሆኖ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይና አቧራ ሲጠጡ ይውላሉ። እዚህ በአንጻሩ ሁሉም በጥላ መረብ ሥር ናቸው፤ የእያንዳንዳቸው ግንድ ውኃ ባለበት በርሜል ውስጥ ቆሟል፤ ጠዋትና ማታም ቅጠላቸው ውኃ ይረጫል። በታኅሣሥ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗም የቀትር ፀሐይዋ ኃይለኛ ነው። በዚህ አየር ተቆርጦ ያለ ውኃ የዋለ ዛፍ በቅጠሉ በኩል ያለውን እርጥበት ሲያጣ የሚተካለት ነገር አያገኝም።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። ዛፌን መርጬ ሂሳብ ከፍዬ ላስጭን ስል መጋዝ የያዘው ወጣት «ጋሼ፣ እግሩን ሳልከረክምልዎትማ አይጫንም» ብሎ አስቆመኝ። የግንዱን ጫፍ አጋድሞ አሳየኝ፦ አሮጌው ቁርጥ ጠቁሯል፣ ዙሪያውን ሙጫ ፈሶ እንደ ብርጭቆ ጠጥሯል፤ በጣት ጥፍር ሲጫኑት አይበሳም። ከዚያ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ቀጥ አድርጎ ሲቆርጠው ከሥሩ ነጣ ያለ፣ እርጥብና መዓዛው አፍንጫ የሚሞላ እንጨት ወጣ። ዛፍ ከተቆረጠ በኋላም ውኃ መሳቡን አያቆምም፤ ይሁን እንጂ የቁርጡ ፊት አየር ላይ ሰዓታት ሲቆይ የውኃ መሄጃዎቹ ውስጥ አየር ይገባል፣ ሙጫውም ይደፍናቸዋል። ከዚያ ወዲያ ዛፉን ሐይቅ ውስጥ ቢያቆሙት እንኳ በቂ ውኃ አይስብም። አዲስ ቁርጥ ይህን መንገድ ይከፍታል፤ የሚጠቅመው ግን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ውኃ ውስጥ ሲገባ ነው። ወጣቱ ሌላም ትክክለኛ ነገር ነገረኝ፦ ግንዱ ለማቆሚያው ወፍራም ቢሆን እንኳ ጎን ጎኑን በቢላ መላጥ አይገባም። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ውጫዊ የእንጨት ክፍል ውኃ በብዛት የሚያልፍበት ስለሆነ፣ እሱን መላጥ ማለት ዛፉን ማስጠማት ማለት ነው።

ስለ ማቆሚያው የምለው እዚህ ላይ ነው። ከአርማታ ብረት ተበይዶ የተሠራ፣ ሦስት እግር ያለው፣ መሐሉ ላይ ትንሽ የቆርቆሮ ጎድጓዳ የተገጠመለት ነው። አቋቋሙ ጠንካራ ነው፤ ልጆች ቢጎትቱትም አይወድቅም፤ ብየዳውም ንጹሕ ነው። ችግሩ ያለው ጎድጓዳው ላይ ነው፤ ከአንድ ሊትር እምብዛም የሚበልጥ ውኃ አይዝም። የአሜሪካ የገና ዛፍ አብቃዮች ማኅበር ለግንዱ ስፋት ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር አንድ ሊትር የሚጠጋ ውኃ የሚይዝ ማቆሚያ እንዲመረጥ ይመክራል። በዚህ ስሌት 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ግንድ 3 ሊትር ያህል ያስፈልገዋል። የመሸጫው ማቆሚያ ከዚህ ሲሶውን ብቻ ስለሚይዝ፣ በተለይ ዛፉ አብዝቶ በሚጠጣባቸው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማታ የሞላው ውኃ ጠዋት ከቁርጡ በታች ወርዶ ይገኛል። የውኃው ልክ ከቁርጡ በታች ከወረደና ፊቱ ከደረቀ ሙጫው እንደገና ይዘጋዋል፤ ያ ሁሉ የመጋዝ ሥራ ከንቱ ይቀራል። ዛፉን ይህን ያህል ተጠንቅቆ የያዘ ቤት ማቆሚያውን ለብየዳ ቤት ሲያዝ የጎድጓዳውን ልክ አለመንገሩ አሳዝኖኛል። እኔ የቆርቆሮውን ጎድጓዳ አስወልቄ በቦታው ሰፊ የፕላስቲክ ሳፋ በማስገባት ፈታሁት፤ ደንበኛ ሁሉ ግን ይህን እንዲያደርግ ሊጠበቅ አይገባም። ይህን ለባለቤቱ ነግሬያቸዋለሁ፤ በትዕግሥት አድምጠው ለሚመጣው ዓመት ሰፋ አድርገው እንደሚያሠሩ ቃል ገብተውልኛል።

የውኃውን ነገር ካነሣሁ አይቀር፣ ስኳር፣ አስፕሪን፣ ለስላሳ መጠጥ ወይም ጥቂት በረኪና ጨምሩበት የሚል ምክር በየቤቱ ይዘዋወራል። አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ንጹሕ የቧንቧ ውኃ ነው፤ ለብ ያለም ይሁን ቀዝቃዛ ልዩነት አያመጣም። መሸጫው ከዛፉ ጋር በሚሰጠው አጭር ወረቀት ላይ ይህንኑ በግልጽ አማርኛ ጽፎታል፤ የሚሸጥ ዱቄትም ሆነ ፈሳሽ አለማቅረቡ ታማኝነቱን ያሳየኛል። ወረቀቱ ላይ ቢጨመር የምመኘው አንድ ነገር አለ። ውኃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው ለዛፉ ብቻ የሚሆን አንድ ጀሪካን አስቀድሞ ሞልቶ ማስቀመጥ አለበት፤ ውኃ በጠፋበት ዕለት የተረሳ ዛፍ ውኃው ሲመለስ አያገግምም።

ዛፉ ቤት ውስጥ የሚቆምበትን ቦታ በተመለከተ እኛ አዲስ አበቤዎች በአንድ ነገር ዕድለኞች ነን፤ በፈረንጅ አገር የገና ዛፍን የሚያደርቀው የቤት ማሞቂያ በአብዛኞቹ ቤቶቻችን የለም። የታኅሣሥ ሌሊት ቅዝቃዜ ለእኛ ቢያስቸግርም ለጥዱ ይስማማዋል። የእኛ ቤት አደጋ ሌላ ነው። አንዱ በመስኮት የሚገባው የቀትር ፀሐይ ነው፤ መጋረጃው ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ የሚውልበት ሳሎን ውስጥ ወደ መስኮቱ የዞረው የዛፉ ጎን ከሌላው ቀድሞ ይገረጣል። ሌላው ቡናው ነው። በበዓል ቀን ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ ከሰሉ ፍም ሆኖ፣ እጣኑ እየጨሰ የሚፈላ ቡና ለበዓሉ ድምቀት ቢሆንም፣ ዛፉ ሥር ሲቀርብ ለቅጠሉ ማድረቂያ፣ ለቤቱም የእሳት ሥጋት ነው። ጥድ ሙጫ ያለበት እንጨት ነው፤ ውኃ የጠገበ ጥድ በቀላሉ አይቀጣጠልም፣ የደረቀው ግን በደቂቃ ውስጥ ይንቦገቦጋል። ረከቦቱና ምድጃው ከዛፉ ቢያንስ ሁለት ሜትር ይራቁ እላለሁ። መብራት ሲጠፋ የሚበራው ሻማም ፈጽሞ አጠገቡ መቀመጥ የለበትም። በዛፉ ላይ የሚጠመጠመው መብራት ኤልኢዲ ቢሆን ይመረጣል፤ የድሮዎቹ አምፖሎች ይግላሉ፣ ሙቀታቸውም የነኩትን ቅጠል ያደርቃል። ገመዱ የተላጠ እንደሆነ ዛፉ ላይ ከመስቀል በፊት መጣል ነው። ማታ ከመተኛት በፊት ሶኬቱን መንቀል ደግሞ የቤቱ ሁሉ ልማድ ይሁን።

የማድረሱ አገልግሎት በአጠቃላይ ጥሩ ነው። ዛፉን ቅርንጫፎቹን ወደ ላይ ሰብስበው በሲባጎ ያስሩታል፤ በር ላይ ሲያልፍም ሆነ ደረጃ ሲወጣ ቅርንጫፍ አይሰበርም። የጫነው ፒክአፕ ከተባለው ሰዓት ዘግይቶ መጥቷል፤ ይሁንና አስቀድመው ደውለው አሳውቀውኛል፣ ዛፉም እስከዚያ ድረስ በርሜል ውስጥ ቆይቷል። ቅር ያለኝ በጥቁር ፕላስቲክ ጠቅልለውት መምጣታቸው ነው። ፀሐይ ላይ ፕላስቲክ ውስጥ ያለ ዛፍ ይታፈናል፣ ይግላልም፤ እርጥብ ጆንያ ቢሆን በረከሰ ዋጋ የተሻለ ሥራ ይሠራ ነበር።

ዋጋው በቁመት የሚወሰን ሲሆን፣ መንገድ ዳር ከሚጠየቀው ከፍ ይላል። መንገድ ዳር ያለው ሻጭ ኑሮውን ለመደጎም ፀሐይ ላይ የሚውል ሰው በመሆኑ፣ ከእሱ መግዛት የሚፈልግ ሰው እንዲተው አልመክርም። ሲገዛ ግን ከቅርንጫፉ ጫፍ አንዱን በእጁ ይጠፍ፤ ሳይሰበር ተለጥጦ ከተመለሰ እርጥብ ነው። ቅጠሉን በመዳፉ አሻሽቶ ያሽት፤ ሽታው ጠንከር ካለ ገና ሕይወት አለው። ዛፉን ብድግ አድርጎ ይመዝን፤ ከመጠኑ ያነሰ ክብደት ውኃ ማለቁን ይናገራል። ቤቱ ሲደርስ ደግሞ ጫፉን በመጋዝ እንደገና ይቁረጥ። ይህን ለማድረግ መጋዝና ጉልበት የሌለው ሰው፣ በተለይም ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን፣ ለዚህ መሸጫ የሚከፍሉት ጭማሪ ተገቢ ነው።

ዛፍ ቆርጦ ቤት ማስገባት የማይወድ ደንበኛ በዚያው መሸጫ በሸክላ ማሰሮ የተተከለ አሮካሪያ ያገኛል። ቅርንጫፎቹ በደረጃ በደረጃ የተዘረጉ፣ ጌጥ ለመስቀል የተመቹ ናቸው፤ ጌጡ ቀላል መሆን አለበት እንጂ። ብርሃን ይወዳል፤ አፈሩ ከላይ ሲደርቅ ብቻ ይጠጣል፤ ከበዓሉ በኋላ ወደ በረንዳ ወጥቶ ለሚቀጥለው ገና ይቆያል። ዋጋው ከተቆረጠው ጥድ ይበልጣል፤ ቁመቱ ግን ያንሳል።

መሸጫው ዛፍ ማቅረብ የሚጀምረው በታኅሣሥ መጀመሪያ ሲሆን፣ በገና ዋዜማ የሚሄድ ሰው የሚያገኘው የተረፈውን ነው። ከጥምቀት በኋላ ዛፉን መልሶ የመቀበል አገልግሎት የለውም፤ ቢኖረው ግንዱና ቅርንጫፉ ተከትክቶ ለራሱ ችግኞች የአፈር ልባስ ይሆንለት ነበር። እስከዚያው ድረስ እኛ ቅርንጫፎቹን ቆራርጠን በግቢያችን ጽጌረዳ ሥር አልብሰናቸዋል፤ ግንዱንም ለልጆቹ የቲማቲም መደገፊያ አድርገነዋል።