ዝም ብሎ ያዳነኝ ቢትዋርደን

የይለፍ ቃሎችን አስቀምጦ መግቢያ ገጾች ላይ የሚሞላውን ቢትዋርደን የተባለ ፕሮግራም የጫንኩት የይለፍ ቃል ስለምረሳ ብቻ ነበር። ነጻው ይበቃኛል፤ ስልኬም ላፕቶፔም ላይ አለ።

ባለፈው ረቡዕ የሌሊት ፈረቃ ጨርሼ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ኢሜይል ደረሰኝ። ሁሌ ዕቃ የማዝበት መደብር አርማው፣ ቀለሙ፣ ከታች ያለችው ደቃቃ ጽሑፍ ሳትቀር ቁጭ! «ሂሳብዎ በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘጋል» ይላል። እንቅልፍ ዓይኔ ላይ ስለነበር ተጫንኩት። መግቢያ ገጹ ተከፈተ። ሌላ ጊዜ ሳጥኑን ስነካው ስሜን የሚያቀርብልኝ ቢትዋርደን ግን ጭጭ አለ። «ዛሬ ደግሞ ምን ነካው?» ብዬ በእሱ ተናደድኩ እኮ! በእጄ ልጽፍ ስል አድራሻው ላይ ዓይኔ አረፈ። በእንግሊዝኛው «ኤም» ፈንታ «አር» እና «ኤን» ተጣብቀው ቆመዋል። በዚያች ስክሪን ማን ይለየዋል?

ፕሮግራሙ በአርማ አይሸነገልም፤ የሚያመሳክረው የይለፍ ቃሉ የተቀመጠበትን የድረ ገጽ አድራሻ ነው።

አራት ኮከብ የሰጠሁት ዝምታው ማስጠንቀቂያ ስላልሆነ ነው። ኮፒ አድርጎ ለሚለጥፍ ሰው አይደርስለትም። ቢትዋርደንን ራሱን የሚከፍተውን ዋናውን የይለፍ ቃል ከረሳችሁም ኩባንያው ራሱ ሊነግራችሁ አይችልም። እኔ ወረቀት ላይ ጽፌ ከፓስፖርቴ ጋር አስቀምጫለሁ፤ ቦታውን ለእህቴ ነግሬያታለሁ።

ኢሜይሉን ለመደብሩ አስተላልፌ፣ ጫማዬን አውልቄ ተኛሁ።