ለጥንታዊ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ መለዋወጫ ከየት ይታዘዝ? ጀርመን፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ሕንድ እና የራስ ወርክሾፕ ሲነጻጸሩ

የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ጠብቀው የሚያንቀሳቅሱ ማኅበራት ወደ ውጭ አገር አምራቾች ሲዞሩ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያነጻጽሩት ዋጋን ነው። በእኔ እምነት ከዋጋው በፊት ሁለት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው፦ የቦይለር (ውሃ ፈልቶ እንፋሎት የሚሆንበት ጋን) መርማሪው ዕቃውን በየትኛው ሰነድ ይቀበለዋል? ዕቃው ከሁለት ዓመት በኋላ ቢሰነጠቅስ መልሶ የሚያየው ማን ነው? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ እንደ ዕቃው ዓይነት ስለሚለያይ፣ ሁሉንም ነገር ከአንድ አገር ለመግዛት መወሰን ስሕተት ነው።

ትልቅ ቦይለርን በተመለከተ ምርጫው ጠባብ ነው። በጀርመን ቱሪንጊያ ግዛት የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1914 የተከፈተው የማይኒንገን ወርክሾፕ ለዋና መስመር ሎኮሞቲቭ የሚሆን ቦይለር አዲስ ሠርተው ከሚያስረክቡት ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በእንግሊዝ አገር ዳርሊንግተን ከተማ ተሠርቶ የተጠናቀቀው ቶርናዶ የተባለው ሎኮሞቲቭ ቦይለሩን ያገኘው ከዚያ ነው። ገዢዎች ከዚህ ታሪክ ሊማሩ የሚገባው፣ ቦይለሩ የእ.ኤ.አ. 1940ዎቹ ቅጂ ሆኖ አለመሠራቱን ነው። የቀድሞዎቹ በሪቬት (በተቀጠቀጠ የብረት ችንካር) የተያያዙና የእሳት ሳጥናቸው፣ ማለትም እሳቱ የሚነድበት ክፍል፣ ከመዳብ የተሠራ ሲሆን፣ አዲሱ ግን በብየዳ የተያያዘና የእሳት ሳጥኑም የብረት ነው። ብረት ከመዳብ ይረክሳል፤ ለመበየድም ይመቻል። ነገር ግን ድንገተኛ የሙቀት ለውጥን እንደ መዳብ ስለማይችል ቦይለሩን ቀስ ብሎ ማሞቅንና ቀስ ብሎ ማቀዝቀዝን፣ ከዚያም በላይ የውሃውን ጥራት በየቀኑ መከታተልን ይጠይቃል። ውሃውን በኬሚካል የማከም ልምድ የሌለው ማኅበር ርካሹን ሳጥን ገዝቶ በጥገና ሊከስር ይችላል። የቶርናዶም ቦይለር አገልግሎት በጀመረ በሁለት ዓመት ገደማ በእሳት ሳጥኑ ላይ በታየው ችግር ምክንያት ወደ ማይኒንገን ተመልሶ ተጠግኗል። ይህን የማነሣው አምራቹን ለመንቀፍ አይደለም። የሠራው ወርክሾፕ በቦታው ስለነበረ፣ የአሠራር ንድፍ ሥዕሉንም ስለያዘና መልሶ ስለተቀበለው ሎኮሞቲቩ ወደ ሐዲዱ ተመልሷል። ከፍ ያለው ዋጋ የሚከፈለው ለዚህ ጭምር ነው።

በሰነድ በኩልም ልዩነት አለ። የአውሮፓ አምራች የሚያስረክበው ቦይለር በአውሮፓ ኅብረት የግፊት ዕቃዎች መመሪያ መሠረት የተመረመረ ይሆናል። የአሜሪካ ገዢ ግን በፌዴራል የባቡር አስተዳደር ደንብ ሥር ነው፤ በዚያ ደንብ መሠረት ቦይለር ከ1,472 የአገልግሎት ቀናት ወይም ከ15 ዓመት በኋላ፣ ከሁለቱ በቀደመው፣ ተፈትቶ ሙሉ ምርመራ ይደረግበታል፤ የጥንካሬ ስሌቱም በሰነድ መያዝ አለበት። ስለዚህ የጀርመኑ ሰነድ ብቻውን እንደሚበቃ አስቦ ማዘዝ አደገኛ ነው። መርማሪው ሥዕሉን ብረቱ ከመቆረጡ በፊት አይቶ ይፈርም፤ ቦይለሩ ወደብ ከደረሰ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ በጣም ውድ ነው።

በመንኮራኩሩ ዙሪያ ለሚገባው የብረት ቀለበት ግን ከጀርመን ይልቅ ደቡብ አፍሪካን አስቀድማለሁ። ይህ ቀለበት መጋጠሚያ ሳይኖረው በጋለ ብረት ተዳምጦ ይወጣል፤ ከዚያ ተሞቆ ሲሰፋ መንኮራኩሩ ላይ ይገባና ሲቀዘቅዝ አጥብቆ ይይዛል። የውስጡ ስፋት ከመንኮራኩሩ የሚያንሰው ለእያንዳንዱ አንድ ሜትር ስፋት 1 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ዋናው ጥበብ ያለው በገዢው ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) ላይ ነው። ደቡብ አፍሪካ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮችን ለረጅም ጊዜ በብዛት ያሠራች አገር ስለሆነች ይህን ሥራ የሚያውቁ ፋብሪካዎች አሏት፤ የብሪታንያ ማኅበራትም ከዚያ ገዝተዋል። ችግሩ አምራቹ ማሽኑን ለሁለት ቀለበት ብሎ ማሰናዳት አለመፈለጉ ነው። ተመሳሳይ መጠን የሚፈልጉ ማኅበራት ትእዛዛቸውን ቢያጣምሩ የአንዱ ዋጋ ይወርዳል፤ ለብቻው የሚያዝ ሰው ግን ወረፋ መጠበቅ ይኖርበታል።

በማቅለጥ የሚሠሩ ዕቃዎች፣ ማለትም ሲሊንደር፣ የፍሬን ጫማ፣ የእሳት ምድጃ ፍርግርግና የመሳሰሉት፣ የሕንድ ማቅለጫ ቤቶች በዋጋ የሚያሸንፉበት ክፍል ናቸው። ሃውራ፣ ራጅኮት፣ ኮላፑርና ኮይምባቶር በዚህ ሥራ የታወቁ ከተሞች ናቸው። ሕንድ ለኒልጊሪ ተራራ ባቡሯ አዳዲስ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮችን በዚህ ክፍለ ዘመን በቲሩቺራፓሊ የሠራች አገር ብትሆንም፣ ያ የመንግሥት ወርክሾፕ በዋናነት የራሱን ባቡር የሚያገለግል ስለሆነ የውጭ ገዢ የሚደራደረው ከግል ማቅለጫ ቤት ጋር ነው። ለፍርግርግና ለፍሬን ጫማ ያለ ብዙ ማመንታት ከሕንድ ይገዛ እላለሁ፤ እነዚህ የሚያልቁ ዕቃዎች ናቸው፣ ቢበላሹም በቀላሉ ይቀየራሉ። ለሲሊንደር ግን አልቸኩልም። ውስጡ ባዶ ቀዳዳ ወይም የአየር ኪስ ያለበት ሲሊንደር ጉድለቱ የሚታወቀው ብዙ የቶርኖ ሥራ ከተሠራበት በኋላ ነው፤ ያንን ድካም ማንም አይመልስም። የግድ ከዚያ ከታዘዘ፣ በሦስተኛ ወገን የሚደረግ የአልትራሳውንድ ምርመራ በውሉ ውስጥ ይግባ፤ ዕቃውም ሳይመረመር አይጫን። አንድ ጊዜ ብቻ ለሚቀለጥ ዕቃ የፖሊስታይሪን ሞዴል ይረክሳል፤ ሲቀለጥ ግን አብሮ ይጠፋል። የሚደጋገም ከሆነ የእንጨት ሞዴል አሠርቶ ንብረትነቱ የገዢው መሆኑን በጽሑፍ ማስፈር ይገባል፤ ያለዚያ ገዢው ሳያውቀው የአንድ ማቅለጫ ቤት እስረኛ ይሆናል።

የቦይለር ቱቦ ብዙ ማሰብ አይጠይቅም፤ መደበኛ መጠን ስለሆነ የብረቱ ምስክር ወረቀት እስካለ ድረስ ከቅርቡ ይገዛ።

ከየትም ቢታዘዝ ስሕተት የሚገባበት ዋናው በር ሥዕሉ ነው። የድሮ የብሪታንያ ሥዕል በኢንች የተጻፈና የቡሎን ጥርሱም ባለ 55 ዲግሪ የዊትዎርዝ (የድሮው የብሪታንያ የቡሎን ጥርስ ደረጃ) ሲሆን፣ የዛሬው ሜትሪክ ጥርስ ባለ 60 ዲግሪ ነው። ሁለቱ ተቀራራቢ ስለሆኑ አንዳንዴ ጥቂት ዙር ይገባሉ፤ በግፊት ሥር ላለ ዕቃ ግን ይህ መቀራረብ ራሱ አደጋ ነው። የአውሮፓና የአሜሪካ ሥዕሎች ጎኖችን የሚያስቀምጡበት ሥርዓትም ስለሚቃረን፣ ሥዕሉ ላይ ምልክቱ ከሌለ የግራው ዕቃ ቀኝ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ሥዕሉን በሜትሪክ እንደገና አስልቶ፣ ጥርሶቹን በስማቸው ጽፎ መላክ ነው።

አራተኛው ምርጫ የራስ ወርክሾፕ ነው፤ ይህም የድሃ ምርጫ ተደርጎ መታየት የለበትም። ከምጽዋ ወደ አስመራ በሚወጣው 118 ኪሎ ሜትር መስመር ላይ ጡረታ የወጡ ሠራተኞች ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በጣሊያኑ አንሳልዶ የተሠሩትን ሎኮሞቲቮች በአስመራው ወርክሾፕ አድሰው፣ መስመሩ እ.ኤ.አ. በ2003 ዳግም ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከፍቷል። የዚያ ሐዲድ ስፋት 950 ሚሊሜትር በመሆኑ ለብዙ ክፍሎቹ በየትኛውም አገር ካታሎግ ውስጥ የተዘጋጀ ዕቃ አይገኝም። ጓርኒሲዮን፣ የነሐስ ቡሽ፣ ፒንና የቫልቭ ዕቃ ቶርኖና ታማኝ ባለሙያ ካለ እዚያው ቢሠሩ ይሻላል፤ መጠናቸው የሚወሰነው በሎኮሞቲቩ ላይ በሚገኘው ያረጀ ልክ እንጂ በሥዕሉ አይደለምና፣ ባሕር ማዶ ያለ አምራች ደግሞ ያንን ልክ ወስዶ ሊመለስ አይችልም።