ሊብሜልዲ፦ በሁለት ልጆች ያየሁት

ይህን የምጽፈው እንደ አክስት ነው። ሐኪም አይደለሁም። የእህቴ ልጆች ሁለቱም ኤምኤልዲ (ሜታክሮማቲክ ሉኮዲስትሮፊ) የሚባል በዘር የሚወረስ የነርቭ በሽታ አለባቸው፤ ሊብሜልዲ የተባለውን የጂን ሕክምና ያገኘው ግን ታናሹ ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሌንሜልዲ ይሉታል፣ መድኃኒቱ ያው ነው።

በሽታው ባጭሩ እንዲህ ነው። ኤአርኤስኤ የሚባለው ጂን ሲበላሽ ሰልፋታይድ የተባለውን ስብ የሚፈጨው ኢንዛይም ይጠፋል። ስቡ ይጠራቀምና የነርቮቹን ሽፋን፣ ማይሊንን፣ ያበላሸዋል። የሚታመመው ከእናትም ከአባትም የተበላሸውን ጂን የወረሰ ልጅ ነው። ወላጆቹ ግን ጤነኛ ስለሆኑ ማንም አይጠረጥርም።

ትልቋ በእግሯ መሄድ ከጀመረች በኋላ መውደቅ አበዛች። የወሰድናት ሆስፒታል «እግሯ ገና አልጠናም» እያለ ደጋግሞ መለሰን። ኤምአርአይ እስኪታዘዝላት ወራት አለፉ፣ ውጤቱ ሲመጣ የምታውቃቸውን ቃላት መርሳት ጀምራ ነበር። ሕክምናው ለሷ አይሆንም ተባልን። የታከሙት ሴሎች አንጎል ገብተው ኢንዛይም እስኪሰጡ ወራት ይፈጃሉ፣ በሽታው ደግሞ አይጠብቅም። ያን ሳምንት ታናሹም ተመረመረ። 9 ወሩ ነበር፣ ገና እየዳኸ። እሱም አለበት። ምልክቱ ግን አልጀመረውም ነበርና ተቀበሉት።

አሠራሩ ይገርማል። የደም ሴሎች የሚወለዱበትን ስቴም ሴል ከራሱ ከልጁ ይወስዳሉ። ላቦራቶሪ ውስጥ በሽታ የማምጣት አቅሙን ባሳጡት ቫይረስ አማካይነት ትክክለኛውን ጂን ያስገቡበታል። ከዚያ ቡሱልፋን በሚባል ኬሞ አሮጌውን መቅኔ ያጸዱና አዲሱን ሴል ይመልሱለታል። ከሴሎቹ የሚወለዱት ከፊሎቹ አንጎል ድረስ ዘልቀው ይቀመጣሉ፣ ኢንዛይሙን አመንጭተው ለጎረቤት ሴሎችም ያካፍላሉ። በደም ሥር የሚሰጥ ኢንዛይም አንጎል ውስጥ አይገባም፣ እነዚህ ሴሎች ግን ይገባሉ፤ የዚህ ሕክምና ትልቁ ብልሃት ይሄ ነው። ሴሉ የራሱ ስለሆነም ለጋሽ ፍለጋ የለም፣ የሌላ ሰው ሴል ሰውነቱን ያጠቃዋል የሚለው ስጋትም የለም።

የዋናው ቀን ትልቅ ነገር ጠብቄ ነበር። አንዲት ትንሽ ከረጢት አምጥተው ሰቀሉ። ሴሉ በረዶ ሆኖ ስለሚቀመጥ፣ በረዶው እንዳይጎዳው የሚጨመርበት ነገር አለ፣ ክፍሉ በሙሉ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ሸተተ። ልጁ ካልሲው አንድ እግሩ ላይ ብቻ ቀርቶ ተኝቷል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አለቀ።

ከባዱ ከዚያ በኋላ ነው። አፉ ቆሳስሎ ምራቁን እንኳ መዋጥ አቃተው፣ ትኩሳቱ ይወጣል ይወርዳል፣ ፀጉሩ ትራሱ ላይ ቀረ፣ እኛ ደግሞ በየጠዋቱ የነጭ ደም ሴሉ ቁጥር ከፍ አለ ወይ ብለን ነርሷን አላስቀምጥ እንላለን። ሆስፒታል የቆየነው 6 ሳምንት ነው። ቡሱልፋን ወደፊት ልጅ የመውለድ ዕድልን ሊጎዳ ይችላል፣ ስለዚህ ኬሞው ከመጀመሩ በፊት ጠይቁ። ለኛ የነገሩን በመጨረሻው ሰዓት ነው፣ ቅር ብሎኛል።

ውጤቱስ? አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2020፣ አሜሪካ በ2024 ፈቅደውታል። አሜሪካ ያጸደቀችው በ37 ልጆች መረጃ ነው። በጨቅላነት የሚጀምረው ዓይነት ካለባቸው ውስጥ ምልክት ሳይታይባቸው የታከሙት ሁሉም 6 ዓመት ሲሆናቸው በሕይወት ነበሩ፤ ካልታከሙት 58 በመቶ ብቻ። በ5 ዓመታቸው ከታከሙት 71 በመቶው ያለ ድጋፍ ይሄዳሉ። ቀላል ቁጥር አይደለም! ግን ሁሉም አይደሉም፣ ይሄንንም ልብ በሉ። የገባው ጂን የደም ካንሰር እንዳያስነሳ ቢያንስ ለ15 ዓመት በየዓመቱ ደም ይመረመራል። ዋጋውማ፣ አሜሪካ ሲወጣ 4.25 ሚሊዮን ዶላር ተተምኗል።

ለሕክምናው 5 ኮከብ እሰጣለሁ። ወደ ሕክምናው ለሚያደርሰው መንገድ 1።

ታናሹ አሁን 4 ዓመቱ ነው። ደረጃ ሲወጣ መደገፊያውን አይነካም፣ ይሮጣል፣ ያወራል፣ አይበቃውም። እህቱ በቱቦ ነው የምትመገበው። አጠገቧ ቁጭ ብሎ ጣቶቿን አንድ በአንድ ይቆጥርላታል።

ሐኪሙን አንድ ቀን ቀድሞ ማወቅ አይቻልም ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ከሕፃን ተረከዝ በተወሰደ የደረቀ የደም ጠብታ ሰልፋታይዱን መለካት ይቻላል አለኝ። ትልቋም ስትወለድ ተረከዟን ወግተዋት ነበር። ይህ በሽታ ግን ከሚመረመሩት ውስጥ አልነበረም።